ሂቦና ያመለጣት ፈተና

እኔና ሂቦ ሕክምና ለመግባት የምንፎካከር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። ውጤቴ ሻል ስለሚል በጥናት እንዳግዛት የተመደብኩት እኔ ነኝ። ለአንድ መምህራችን ምርምርም መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርን በውሃ በርሜሎች ውስጥ የትንኝ እጭ እንፈልግ ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት በትኩሳት የምትነድ ሕፃን ልጇን አሳየችን። እኔ ቅጹ ላይ «ትኩሳት አለ» ብዬ ሞላሁ። ሂቦ እናትየዋን በሶማሊኛ አዋራቻትና ልጅቷን አቅፋ ብድግ አለች።

«ከሰዓት በኋላ ፈተና አለብን እኮ!» አልኳት።

«አንተ ሂድ፤ ያየኸውን ለፈታኙ መምህር ትነግርልኛለህ» ብላ ባጃጅ አስቆመች።

ልጅቷ ዳነች። ፈተናው ግን ሂቦን አመለጣት። መምህሩ ቢሮው ጠርቶ «ሆስፒታል ነበርኩ ትላለች፤ እውነት ነው?» ሲለኝ፣ ሕክምና ትምህርት ክፍል የሚገባው ተማሪ ጥቂት መሆኑ ትዝ አለኝ።

«እኔ ቀድሜ ስለወጣሁ አላየሁም» አልኩት። ለእሷ ደግሞ «ነግሬው ነበር፤ አላመነኝም» አልኳት።

እኔ ሕክምና ገባሁ፤ እሷ ሌላ ትምህርት ክፍል ተመደበች።

በዓመቱ መጨረሻ ጓደኞቹን በማገዝ የተመሰገነ ተማሪ ተብዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። የጠቆመችኝ ሂቦ ነበረች። የጻፈችው በማይክ ተነበበ፦

«ማንም ባላመነኝ ጊዜ የመሰከረልኝ እሱ ብቻ ነው።»