የሦስት አጋሮች ሼድ

ሙሉጌጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር በረንዳ ላይ በእግር ስፌት መኪና ልብስ ሰፍታለች። ልጆቿን ያሳደገችው፣ የቤት ኪራይ የከፈለችው በዚያች መኪና ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁልፍ የምሰፋው እኔ ሮማን ምስክር ነኝ። ማንንም ለምና አታውቅም።

ከዚያ «አጋርነት» የሚባለው ነገር መጣ። አንድ ጽሕፈት ቤት ሼድ ሰጠ፣ ከባሕር ማዶ ያለች የከተማችን እህት ከተማ አሥር የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ላከች፣ አንድ ማሠልጠኛ አሠለጠነን። ሦስቱም ፈረሙ፣ ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሡ። ስማቸው በሩ ላይ በትልቅ ታፔላ ተሰቀለ። እኛ ደግሞ በማኅበር ተደራጅታችሁ መዋጮ አምጡ ተባልን። ሙሉጌጥ የራሷን ለመሙላት የእግር መኪናዋን ሸጠች። እኔም አበጀሽ አልኳት፤ ምላሴን በቆረጠው!

ሼዱ ውስጥ መብራት የለም። ቆጣሪ የለም፣ ሽቦ የለም። ጽሕፈት ቤቱን ስንጠይቅ «የእኛ ድርሻ ሼድ ነው» ይላል። ማሠልጠኛው «የእኛ ሥልጠና ነው» ይላል። የእህት ከተማዋ ወኪል ደግሞ «የእኛ መኪና ነው»። ስምንት ወር አመላለሱን። ሦስት አጋር ተሰብስቦ አንድ ቆጣሪ የሚያስገባ ይጥፋ? አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

በዚህ መሀል ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሙሉጌጥን የሰማንያ አስተናጋጅ ልብስ አዘዛት። ጨርቁን አስረክበው ቅዳሜ እንወስዳለን አሉ። ካላደረሰች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። መብራት በሌለበት፣ የእግር መኪናዋም በተሸጠበት፣ በምን ትስፋው?

ሐሙስ ጠዋት ሼዱ በርቶ አገኘነው። የእህት ከተማዋ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተብሎ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ክብሩ ጄኔሬተር ተከራይቶ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ ራቅ አድርጎ ከአጥሩ ጀርባ ደብቆታል። ሙሉጌጥ እጁን ያዘችው።

«ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ ተውልኝ። ነዳጁን እኔ እገዛለሁ።»

ማንንም ለምና የማታውቀው ሴት እሱን ለመነችው።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ የተከራየነው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው» አላት። «እርስዎ ዝም ብለው ይስፉ። ፈገግ ማለትም አይርሱ።»

እንግዶቹ ገቡ። ክብሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ውጤታማ አጋርነት መናገር ጀመረ። ሙሉጌጥ ያጋመሰችውን እጅጌ መኪናው ላይ ትታ ተነሣች፤ በጓሮ በር ወጣች። ትንሽ ቆይቶ የሚሠሩት መኪናዎች ባንዴ ቆሙ፣ ሼዱ ጨለመ።

ክብሩ ሳቅ ብሎ «ይቅርታ፣ መብራት ጠፋ። አንዳንዴ ያጋጥማል» አለ። አስተርጓሚው ተረጎመ። እንግዶቹም ችግር የለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሙሉጌጥ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። እጇ ናፍጣ ነክቶታል።

«አልጠፋም» አለች አስተርጓሚውን እያየች። «እዚህ ቤት መብራት ገብቶ አያውቅም። እሱንም ተርጉምላቸው።»