ሐመሩ ሐ እና የሀሊማ ወንበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመው ግጥሜን ለሚሰሙኝ ጓደኞቼም አልነገርኩም። አንባቢዬ፣ ቀድመህ አንተ ስማኝ። ከፈለግህ እየሳቅህ ስማኝ፤ እኔም ራሴ አንዳንዴ ያስቀኛል። በደሌ የተጀመረው በአንዲት ፊደል ነው።

ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት እኔና ሀሊማ የነጋዴዎችን ፋይል ስካን እያደረግን ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባ ነበር። ሀሊማ ታላቄ ናት፤ በሦስት ቋንቋ ትቀልዳለች፤ ስም ስትጽፍ እጇ ላይ የመጣላትን ፊደል ትመታለች። እኔስ? እኔ ገጣሚ ነኛ! የትኛው ቃል በሀሌታው ሀ፣ የትኛው በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ ማንም ሳያስተምረኝ ያጠናሁ ሰው ነኝ። የጨርቅ ነጋዴውን የሀሰንን ፋይል ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሐመሩ ሐ አስገባሁት። ደስም አለኝ።

ሀሰን ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲመጣ ሀሊማ በሀሌታው ፈለገችው። የለም። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሁለት ፊደላት ለኮምፒውተር አይገናኙም። አለቃችን «ሀሊማ ናት የጣለችው» አሉና ከኮምፒውተሯ አንስተው እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀመጧት፤ ወንበሯን ለእኔ ሰጡኝ። እሷም አመነች። «አቦ፣ እጄ ወንፊት ሆኗል ማለት ነው!» ብላ ሳቀች።

እስከዚህ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ኃጢአቴ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

መሥሪያ ቤቱ የመረጃ አያያዝ ሥልጠና በኢንተርኔት ሊሰጥ ተነሳ። ሥልጠናው እንደ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ታሪኩን በስልክህ ትከታተላለህ፣ ፋይል ይጠፋል፣ ባለታሪኳ ምን ማድረግ እንዳለባት የምትመርጠው አንተ ነህ። «ገጣሚ አለን አይደል?» ተባለና ታሪኩን እኔ ጻፍኩ። ባለታሪኳን ማን አደረግኋት? ፋይል ከሳምቡሳ ጋር ጠቅልላ ቤቷ የምትወስድ፣ በሦስት ቋንቋ የምትቀልድ «ወይዘሮ ዝንጉ»! ቢሮው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሀሊማ ነበረች። ሳቋ መጨረሻው ላይ ሲቀጥን ግን አይቻለሁ። አይቼም ቀጣዩን ክፍል ጀመርኩ።

ሁለተኛውን ክፍል ስጽፍ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ሙቀቱን በየጥላው ሲያሳልፍ፣ ለምሳሌ የሚሆን ስም ፈልጌ የኮምፒውተሩ መፈለጊያ ላይ «ሐሰን» ብዬ መታሁ። ፋይሉ ብቅ አለ። ያስገባው ሰው፦ እኔ። ምን አደረግኩ? ፊደሉን በሀሌታው ቀየርኩና ሰው ከምሳ ሲመለስ «ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። ጣዩም እኔ፣ አግኚውም እኔ! አለቃችን ጨበጡኝ፤ ሀሰን መረቀኝ፤ ሀሊማ ሳምቡሳ ገዝታ «ወላሂ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ። በላሁት። ጣፍጦኝም ነበር፤ እሱንም አልደብቅም።

ሦስተኛው ክፍል ላይ በሐመሩ ሐ ምክንያት ፋይል የሚያጠፋ አንድ ቀብራራ ገጣሚ አስገባሁ። መናዘዜ መስሎኝ ነበር። ሀሊማ መቀበያው ላይ ሆና ስልኳን እያየች «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ቁርጥ አንተን!» ብላ ጮኸች።

«ልብ ወለድ ነው» አልኳት።

ልብ ወለድ ውስጥ ተሸሽጎ መናዘዝ ኑዛዜ ነው? እሷ ዛሬም መቀበያው ላይ ናት። እኔ እሷ ወንበር ላይ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አለቃችንም፣ ሁላችንም በምንከፍተው የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ፋይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሀሊማ አይደለችም። አላወቅሁም ነበር ብዬ አላመካኝም፤ ካወቅሁ በኋላ ዝም ብያለሁ። ወንበሯ ይመለስላት። ለእኔ መቀበያው ይበቃኛል፤ የሰው ወሬ ለግጥም ይሆናል።

ሀሊማዬ፣ ይቅር በይኝ። ፈልገሽ እንዳታጪው ደግሞ የዚህን ፋይል ስም እንዲህ ብዬዋለሁ፦ «ሀሊማ ሃሊማ ሐሊማ ሓሊማ ኀሊማ ኃሊማ»።

እጅሽ ላይ በመጣልሽ ምቺው።