የተጣፈ ማጣሪያ

አጎቴ የሚሠሩበትን ፋብሪካ የአቧራ ማጣሪያ ከረጢቶች ለምን ሲጥፉ ኖሩ? ዛሬም ይከነክነኛል።

ማሽኑ አቧራማውን አየር ስቦ በከረጢቶቹ ያሳልፈዋል፤ አቧራው ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ንጹሑ አየር ይወጣል። የተቀደደ ከረጢት በአዲስ ይለወጣል እንጂ አይሰፋም፤ መርፌ የበሳው ሁሉ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋልና። እሳቸው ግን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናቸው፤ ጨርቅ መጣል ነውር ነው ተብለው ያደጉ። አለቃቸው ይህን ያውቃል።

«አባባ፣ እርስዎ የጣፉት እኮ ከአዲሱ ይበልጣል!» ይላቸዋል።

ከረጢቱን ቤት አምጥተው፣ በረንዳ ላይ አራግፈው፣ እያሳሉ ይሰፋሉ። «ኧረ ይተዉት» ስላቸው፣ «አንቺ መጽሐፍሽን አንብቢ፤ ጨርቁን ለእኔ ተዪው» ብለው ይስቃሉ። ሐኪሙ በመጨረሻ ሳንባቸውን አቧራ እንደጨረሰው ነገረን። አሁን በረንዳው ላይ ማንም አይቀመጥም።

በለቅሶው ሰሞን እንግዳ ሳስተናግድ ሰነበትኩ። በአርባቸው ዕለት ግን አለቃው ተነስቶ፣ «ፋብሪካችንን አንድ ቀን እንኳ ያላስቆሙ ሰው!» እያለ አወደሳቸው። አጠገቤ የተቀመጠው በእሳቸው ቦታ የተተካው ሠራተኛ፣ «እኔም ስፌት አያቅተኝም» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው።

«ወንድሜ፣ እሳቸውን የገደላቸው ያ ስፌት ነው» አልኩት፣ አለቃው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «አዲስ ከረጢት ይግዙ እንጂ አንተ መርፌ እንዳታነሳ።»