ቢጫ ነው አረንጓዴ?

ከቤቱ የባሕር ዓሣ ገንዳ የቀዳውን ውሃ በጠርሙስ ይዞ የገባው ሰውዬ የጌጥ ዓሣ ሻጯን ግራ አጋባት። ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ ካልሲው ግን አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ። የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ ከውሃው ጋር ራሱ ነቀነቀና ብልቃጡን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋላት።

«እህቴ፣ ቢጫ ነው አረንጓዴ?»

«ዓይንዎ እያየ፣ ጋሼ?»

«ቀለም አይለይልኝም። ቤት የምታይልኝ ልጄ ናት። እንዳልጨነቅ ብላ ሁሌ ‹ቢጫ ነው አባዬ፣ ንጹሕ ነው› ትለኛለች። ዓሦቼ ግን አልቀው አንዲት ቀርታለች።»

ውሃው ቅጠል መስሏል፤ መርዝ አለበት። ሻጯ ልታባብለው አሰበችና ሐሳቧን ቀየረች።

«አረንጓዴ ነው፣ ጋሼ።»

ፊቱ ፈካ። «እሰይ! በይ የተዘጋጀ የጨው ውሃ ስጪኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ልቀይረው። ማታ ‹ቢጫ ነው› ስትለኝ እንኳ እውነቷን ይሁን።»