አራት ፖዝ የቀረው ፊልም

ቢተው አራጌ ከአባይ በረሃ የወጣው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የወጣውም ብቻውን ነው። አንበጣ የወሎ ቦረናን እህል በበላበት ዓመት አባቱ የቀን ሥራ ፍለጋ ይዞት ቆላ ወረደ። ወር ሳይሞላቸው አባትየውን ንዳድ ጣለውና በአምስተኛው ቀን ሞተ። የቀበሩት የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። ልጁንም ትኩሳቱ ያዘው። ሲለቀው ዳገቱን እየወጣ፣ ሲያንቀጠቅጠው ድንጋይ ሥር እየተጋደመ፣ በአራተኛው ቀን መካነ ሰላም ዳር ካለ ምንጭ አጠገብ ወደቀ።

ውኃ ልትቀዳ የወረደች አልታዬ የምትባል ሴት አገኘችው። እንስራዋን እዚያው ትታ እሱን አዘለችው። ሁለት ወር ሙሉ የገብስ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣች ከሞት መለሰችው። የሚሄድበት ስላልነበረው ቤቷ ቀረ። እታገኘሁ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ቢተው እሽኮኮ እያለ አሳደጋት። «ወንድም ጋሼ» ትለው ነበር።

ሲጎለምስ ደሴ ሄዶ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ በተላላኪነት ተቀጠረ። ፊደል የለየው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በፎቶ ጀርባ ላይ የሚጻፉትን የደንበኞች ስሞች እያየ ነው። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ለቀመው። በ1955 ዓ.ም. ካሜራ ገዝቶ ተመለሰና መካነ ሰላም ገበያው ዳር የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። «ማንም አላስተማረኝም» ማለት ይወድ ነበር፤ ሲናገረውም ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው።

አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር የገዛው አንድ የከዋክብት መጽሐፍ ነበረው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ ፎቶ አለ። ፍኖተ ሐሊብ ከሚባለው ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ፣ ራሱን የቻለ የከዋክብት አገር ነው፤ ብርሃኑ እዚህ ለመድረስ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። በባዶ ዓይን ሲታይ መስታወት ላይ እፍ ሲሉበት እንደሚቀረው እንፋሎት ነው። ቢተው መጽሐፉን ዘጋና «ይህንን በገዛ እጄ አነሳዋለሁ» አለ።

ሰማይ ግን ቁጭ ብሎ የሚነሳ ደንበኛ አይደለም፤ ይዞራል። ካሜራው ግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ከቆየ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ጭረት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ አጋጠመ። ማጠፊያውን ከሳይንት በኩል ዝቅ ብሎ ወደሚታየው የሰሜን ኮከብ አነጣጠረ፤ ካሜራውን ከላይኛው ጣውላ ጋር አሰረ። ከዚያ ሰዓቱን እያየ፣ በታችኛው ጣውላ ያስገባውን ረጅም ብሎን በየደቂቃው አንድ ዙር ያዞራል፤ ካሜራውም ሰማዩን እየተከተለ ይሄዳል። አንድ ዙር ከሳተ ወይም ነፋስ ካወዛወዘው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ስድስት በጋ ሞከረ፤ ስድስቱም ከንቱ ሆነ።

ጠጅ ቤት «ቢተው ለጨረቃ መታወቂያ ሊያወጣላት ነው» ይባልበት ጀመር። እሱ ኩሩ ነውና መልስ አይሰጥም። እታገኘሁ ግን ቆላው አፋፍ ካለው የባሏ አገር ለገበያ በመጣች ቁጥር «ወንድም ጋሼ፣ ሰማዩ ፎቶውን መጥቶ ወሰደ ወይስ ቀጠሮ ሰጠኸው?» ስትለው ይስቅላታል።

የ1965 ዝናብ ከዳ። በ66 ኅዳር ላይ ከቆላው ወገን የሚወጣው ሕዝብ በመካነ ሰላም ገበያ አድርጎ ወደ ደሴ ይጎርፍ ነበር። የደከመው በፎቶ ቤቱ በረንዳ ላይ ያርፋል። በአገሩ ልማድ ሰው ሲሞት ልቅሶው ላይ ልብሱ ወይም ፎቶው ይወጣል፤ አልቃሽ እሱን ከፍ አድርጋ እየያዘች ታስለቅሳለች። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ልብሳቸውን በእህል ለውጠው ጨርሰዋል። «መንገድ ላይ ብቀር የሚለቀስበት ነገር ይኑረኝ፤ አንሳኝ» ይሉታል። የተወሰኑትን በነጻ አነሳ። ከደሴ ፊልም የሚያመጣለት መኪና ከቀረ ሰነባብቶ ነበር። አራት ፖዝ ብቻ ሲቀረው ቆጠበ። ኅዳር አሥራ አምስት ጨረቃ የለችም፤ አንድሮሜዳም ገና በምሽቱ አናት ላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀው ሁሉ «ፊልም አልቋል» አለ።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት እታገኘሁ ልጇን አዝላ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር መጣች። ባሏ በመስከረም ሞቶባታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዐፈር ስሆን፣ አንዴ አንሳን።»

«የት ልትሄጂ?»

«ደሴ። ዱቄት ይሰጣሉ አሉ።»

«እዚሁ ቆዪ። ያለችኝን እንካፈላለን።»

«አንተስ ምን አለህ? ቀበቶህን በምስማር ሌላ ቀዳዳ በስተህለታል፤ አያለሁ እኮ!» ብላ ሳቀች። ፊቷ ላይ የቀረው ጥርሷ ብቻ ነበር። «አንሳንና ለእማዬ ትሰጥልኛለህ። ብቀር ባዶ እጇን እንዳታለቅስ።»

«አብሽሪ፣ ምንም አትሆኚም።»

«እሺ፣ አልሆንም። አንተ ብቻ አንሳን።»

ጠዋት ፊልም የለም ብሎ የመለሳቸው ሁለት ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንደኛው ቀና ብሎ አየው። አሁን ካሜራውን ከተሰቀለበት ቢያወርድ ውሸታም መባሉ ነው። ቢተው ደግሞ በዚያ ከተማ ዋሸ ተብሎ አያውቅም።

«ፊልም አልቋል» አለ።

«አልቋል?»

«አልቋል። ስትመለሺ አነሳሻለሁ።»

እታገኘሁ ካሜራውን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። «እንግዲያው ሰማዩም ጦሙን ሊያድር ነው» አለችና የልጇን አንቀልባ አጠበቀች። አንድ ቁና ባቄላ ሰጣት። ግንባሩን ስማው ሄደች።

ከሁለት ቀን በኋላ ምሽት ላይ ጣውላውን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወጣ። ሦስቱ ፖዝ ተበላሸ። አራተኛው ላይ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ዙር አልሳተም። ፎቶው ሲታጠብ ያ እንፋሎት ሞላላ ሆኖ፣ መሐሉ ደምቆ፣ ዳርና ዳሩ ክንፍ አውጥቶ ወጣ። የዚያን ዕለት ደስታው ወሰን አልነበረውም። እንደ ልማዱ ጀርባው ላይ «አንድሮሜዳ፤ መካነ ሰላም፤ ኅዳር 15 ቀን 1966 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈበት።

በጥር ጎረቤቷ አሰጋሽ ብቻዋን ተመለሰች። እታገኘሁና ልጇ ደሴ መግቢያ ላይ ሞተው፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ መቀበራቸውን ተናገረች። ልቅሶው ላይ አልታዬ ከፍ አድርጋ የያዘችው የእንጨት ሚዶ ነበር። ከልጇ የተረፈው እሱ ነው። ቢተው ከወንዶቹ ጋር ቆሞ መሬት መሬት አየ።

አብዮቱ ፈነዳ። በ67 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ መካነ ሰላም የመጡት ዘማች ተማሪዎች የረሃቡን ፎቶ አሰባስበው አደባባይ ሊሰቅሉ ተነሱ። በከተማው ያለው ፎቶ አንሺ ቢተው ነውና ወደ እሱ መጡ። አልታዬም ይህን ሰምታ፣ ልጄ ትኖርበት ይሆናል ብላ በምርኩዟ መጣች። አንዱ ዘማች ሣጥኑን ሲፈትሽ ያን ፎቶ አወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለና ገልብጦ ጮክ ብሎ አነበበው። «ኅዳር አሥራ አምስት ስድሳ ስድስት! ሕዝብ ደጅዎ ላይ ሲያልቅ እርስዎ ሰማይ ያነሱ ነበር?»

«መቼ አልክ ልጄ?» አለች አልታዬ።

«ኅዳር አሥራ አምስት፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ፊደል አታውቅም፤ የበዓላቱን ቀን ግን አትስትም። ወደ ቢተው ዞረች። «እታገኘሁ በሚካኤል ማግሥት ፊልም አልቋል ተባለች። አሰጋሽ አብራት ነበረች። በሦስተኛው ቀን ከየት መጣ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ሌላ ሰው ሰጠኝ ቢል ማን ይጠይቀዋል? «አራት ፖዝ ነበረኝ፣ እማዬ» አለ።

ፎቶውን ከዘማቹ እጅ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ የሚያለቅስለት እናት አለው?»

ፎቶውን በቢተው እጅ አስይዛው ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልታዬ «ልጄ» ብላ ጠርታው አታውቅም። እህል ሲልክላት ትቀበላለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ለማንም እንደምትለው። አንድ ፋሲካ ካሜራውን ይዞ ሄደ። «አንዴ ላንሳሽ፣ እማዬ» ቢላት፣ «ፊልሙ አልቋል አላልክም?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በ1974 ስትሞት ልቅሶዋ ላይ የወጣው አሮጌ ነጠላዋ ነበር። የከተማው ፎቶ አንሺ ያሳደገችው ልጅ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያየም ሁሉ ተጠቋቆመ።

ሰማይ ዳግመኛ አላነሳም። ጣውላውን ፈልጦ አነደደው።

ካረጀ በኋላ መምህርት ፈንታዬ ያን ፎቶ ለትምህርት ቤቱ ልትለምነው መጣች። ተማሪዎቹ ከገዛ አገራቸው ኮረብታ የተነሳ ጋላክሲ ይዩ ብላ ነው። በሕይወቱ ከሁሉ የበለጠበት ምን እንደሆነም ጠየቀችው። ቢተው መነጽሩን አውልቆ እንዲህ አላት፦

«ይህ ፎቶ ነው እንድልሽ ትጠብቂ ይሆናል። ያ ብርሃን ሁለት ሚሊዮን ዓመት መንገድ ላይ ቆይቷል፤ ከርሞ ባነሳውም አይቀየመኝም ነበር። ዛሬም እዚያው አለ፤ በኅዳር ምሽት ወጣ በዪና እዪው። እታገኘሁን ግን የት ሄደሽ ታዪያታለሽ? ከሁሉ የሚበልጠው ያቺ የከለከልኳት አንድ ፖዝ ነበረች። የከለከልኳትም ሁለት የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ውሸታም እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ፎቶውን ውሰጂ። ስትሰቅዪው ግን ጀርባውን ግድግዳ ላይ አትለጥፊው፤ ቀኑ ይነበብ።»