ያልገጠመው ቀይ ቀለበት

ከአገሬ ርቄ በምኖርበት በዚህ ከተማ፣ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ጥንድ የሐረር ስፌት ተሰቅሎ አየሁ።

እኛ ጀጎል ውስጥ ሙሽራ የምትሆን ልጅ የግድግዳዋን ስፌት ጥንድ ጥንድ አድርጋ ትሰፋለች። ታላቅ እህቴ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ሳትጀምር በወባ ሞተች። እናቴ፣ “አንቺ ሙይልኝ፤ ጎደሎውን አልየው” አለችኝ።

የትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ሁለት ቅርጾች ተደራርበው ልክክ ካሉ እኩል ናቸው ብለውን ነበር። ስለዚህ የእህቴን ስፌት በወረቀት ነድፌ ቆረጥኩ። ቀለሙን እንደ እሷ ዙር እየቆጠርኩ፣ ዳሩ ወረቀቱን እስኪሞላ ሰፋሁ።

ስፌት ያስተማሩን አክስቴ ደራረቧቸው። ልክክ አሉ። ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ግን የእሷ ቀይ ቀለበት ሰፋ፣ የእኔው ጠበብ ብሎ ታየ።

“እጇ ላላ ያለ ነበር፤ አንቺ ታጠብቂያለሽ” አሉኝ። “ወረቀትሽ እጇን ከየት ያምጣው፣ ልጄ? አላህ ይዘንላት።”

እናቴ ሁለቱንም ሰቀለች። ከዚያ በኋላ ግን ለዚያ ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው።

አሁን እዚህ ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ፣ “ስፌቶቹን ላውርድልዎት፣ እማማ?” አለኝ።

“ተዋቸው፣ እዚያው ይሁኑ” አልኩት።