የእትዬ ጥሩወርቅ ማመልከቻ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ «ዛሬ ደግሞ ስለ ሠራተኛ ተነሣሽነት ሥልጠና ሰጡን» አለችኝ። ነርስ ናት፤ የሦስት ሰው ሥራ ስትሠራ ነው የምትውለው። «ታዲያ ተነሣሽ?» ብላት ሳቀች። ስለ መነሣት ሲወራ እኔ የማስታውሰው አንዲት ሴት ብቻ ነው።

በደርግ ዘመን ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ስሙን መጥራት በማልፈልገው ሆስፒታል በጤና ረዳትነት ተቀጠርኩ። ብርዱ ከጉና ወርዶ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ምሳችን ዘወትር ቅቅል ድንች በአዋዜ ነበር፤ እሱንም ቆመን ነው የምንበላው፤ ወንበሮቹ ሁሉ ለስብሰባ አዳራሽ ተወስደዋልና።

እትዬ ጥሩወርቅ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳን የተሻገሩ ቀጭን ሴት። ደምና መግል የነካውን አንሶላ ጓሮ ካለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ በባዶ እጃቸው ያሹታል። ሳሙና ሲጠፋ በእንዶድ፣ በረኪና ሲመጣ በበረኪና። የኅዳር ውርጭ ሲጀምር ጣቶቻቸው እንደ በጋ ዋልካ ይሰነጣጠቃሉ፤ በረኪናው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ቁስላቸውን የምጠቀልልላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፋሻው ርሶ ይወልቃል።

«ልጄ፣ ያ ወፍራሙ የላስቲክ ጓንት ለእኔ አይሆንም ወይ?» አሉኝ አንድ ቀን።

ጓንቱ ግምጃ ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሄጄ ብጠይቅ፣ ከበላይ ጎብኚ ሲመጣ የሚታይ ስለሆነ ያለ አስተዳዳሪው ትእዛዝ አይወጣም ተባልኩ። እንግዲያው ብዬ ለአስተዳዳሪው ማመልከቻ ጻፍኩ። ከጓንቱ ጋር ሳሙናና ለተረኞች ማረፊያ አንድ አግዳሚ ጨመርኩበት። ዘጠኝ ሰው ፈረመ። እትዬ ጥሩወርቅም ስማቸውን ጻፉ፤ ከመሠረተ ትምህርት የያዙት ፊደል ከስማቸው አያልፍም ነበር።

አርብ ከሰዓት፣ ለውይይት ክበብ እንደተሰበሰብን፣ አስተዳዳሪው ወረቀቷን ከኪሱ አወጣ።

«በቡድን ማመልከት አድማ ነው» አለ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ይህን ያረቀቀው ማነው?»

አድማ የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሰውን የት እንደሚያደርስ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ልነሣ አሰብኩ፤ ማሰቤንስ አሰብኩ። ግን እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንቺ? ደግሞ አንቺ መቼ መጻፍ ታውቂያለሽ!» እናቱ የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» ነበር የሚላቸው።

«መሠረተ ትምህርት አስተማራችሁኝ አይደል እንዴ?»

ከኋላ አንድ ሰው የታፈነ ሳቅ አመለጠው። አስተዳዳሪው «በሆስፒታላችን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሠራተኛ የለም» ብሎ ሪፖርት ካደረገ ገና ወር አልሞላውም። ፊቱ ተለዋወጠ። ጠመኔ አንሥቶ ሰጣቸውና፣ «እንግዲያው ውጪና ጻፊ» አላቸው።

ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ጻፉ። እያንዳንዱን ፊደል ሲጨርሱ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ነጩ ጠመኔ ከጣታቸው በወጣ ደም ቀላ። ከዚያ ቆሙ።

«ቀጥይ እንጂ!»

«እጄ ታሟል ጌታዬ። ማመልከቻውም የሚለው ይኸንኑ ነው።»

አስተዳዳሪው የፈረሙትን አንድ በአንድ በስም ጠራ። ሁሉም እየተነሣ «ተሳስቼ ነው» አለ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ተሳስቼ ነው አልኩ። ቀጥዬም አስተዳዳሪው እንዳዘዘኝ በገዛ እጄ፣ «ጓዲት ጥሩወርቅ ጥፋታቸውን ስላመኑ ወደ እብናት እንዲዛወሩ ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩ።

ሰው ሲበተን አስተዳዳሪው ቃለ ጉባኤውን ተቀብሎ ከማመልከቻው ጎን አስቀመጠው። ሁለቱን እያየ ቆየና፣ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ ፈገግ ብሎ። ከመጀመሪያውም ያውቅ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ እጁ ውስጥ ገባሁ፤ ጻፊ ያለኝን ሁሉ ጻፍኩለት። በዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ ብሎ አስጨበጨበልኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ እብናት አልሄዱም። ሥራውን ትተው ጉና ሥር ወንድማቸው ቤት ገቡ። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ስኳርና ቫዝሊን ይዤ፣ የገብስ ክምር መሐል ለመሐል ሽቅብ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጓዝኩ። ቆሎና ጠላ አቀረቡልኝ። እጃቸው ድኖ ነበር። እሱን ሳይ አለቀስኩ።

«አልተቀየምኩሽም ልጄ» አሉኝ። «የአንቺ እድሜ ገና ነው ብዬ ነው የተነሣሁት።» እሳቱን ቆሰቆሱ። «ብቻ እንዲያው አንድ ሰው ከኋላዬ ብድግ ይላል ብዬ ነበር።»

ሲመሽብኝ ተሰናብቼ ወረድኩ፤ ዳግመኛም አላየኋቸው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። እግሯን እያሸች ሰማችኝና፣ «አይ አክስቴ፣ የዚያን ጊዜ ማን ደፍሮ ይነሣል?» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ። አላጽናናችኝም። ብርዱንም፣ ቆሞ መብላቱንም እየተሳሳቅን እንችለው ነበር። ከዚያ አርብ በኋላ ግን መሳሳቁ ቀረ። በሽተኛ ሲጣራ ተሽቀዳድመን የምንሮጥ ሰዎች፣ አንዳችን ሌላው እስኪሄድ የምንጠብቅ ሆንን። ማን ምን እንደሆነ ተያይተን ነበርና፣ ዓይን ለዓይን ሳንገጣጠም ስድስት ዓመት አብረን ሠራን።